የሻጋታው ሐኪም፤ የአሌክሳንደር ፍሌሚንግ ሕይወትና ሰሚ ያጣው ማስጠንቀቂያ



ዘንድሮ ታሪኩን ልናቀርብላችሁ የመረጥነው ሰው የሩቅ አገር ሰው ነው። የመረጥንበትም ምክንያት አለን። ዕድር ማለት ሞት ሲመጣ ድንኳን የሚተክል ማኅበር ብቻ ሳይሆን የታመመ የሚጠይቅም ማኅበር ነውና፣ አባሎቻችን ሐኪም ቤት ሲተኙ ተራ ገብተን እንጠይቃለን። ጠያቂ ሆኖ የገባ ሰው ደግሞ ከአልጋው ጎን የተንጠለጠለውን የሽንት ከረጢትና ከርሱ ወደ ሕመምተኛው የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ሳያይ አይቀርም። ባለሙያዎቹ ካቴተር ይሉታል። ሰውዬው የገባው ዳሌው ተሰብሮ ወይም ለሌላ ኦፕራሲዮን ይሆናል። ዋናው ሕመሙ እየተሻለው ሳለ በአምስተኛው በስድስተኛው ቀን ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ሽንቱ ይደፈርሳል። መድኃኒት ይታዘዝለታል፤ አልሠራ ይላል። ሌላ ይታዘዛል፤ እሱም አልሠራ ይላል። ቤተ ዘመድ ወረቀቱን ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይንከራተታል። አንዳንዱን እንዲህ ሆኖ የቀበርነው አለ፤ በገባበት በሽታ ሳይሆን እዚያው ባገኘው በሽታ። ታዲያ መድኃኒቱ ምን ነክቶት ነው የማይሠራው ብሎ የጠየቀ ሰው፣ ነገሩን ወደ ኋላ ሲከተል ሲከተል ከአንድ ስኮትላንዳዊ ሐኪም በር ላይ ይደርሳል። ይኸውም ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ፍሌሚንግ የተወለደው ኦገስት 6 ቀን 1881 በስኮትላንድ፣ ዳርቬል ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ ሎክፊልድ በተባለ የእርሻ ቦታ ነው። አባቱ ሂዩ ገበሬ ነበር። ፍሌሚንግ ሲወለድ አባትየው ስድሳ ዓመት አልፎት ስለነበር፣ ልጁ ገና በሰባት ዓመቱ አባቱን አጣ። እናቱ ግሬስ ሞርተን የሂዩ ሁለተኛ ሚስት ስትሆን፣ የራሷንና የእንጀራ ልጆቿን አንድ ላይ አድርጋ አሳደገች። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በእግራቸው ነው። በብርዱና በዝናቡ ሜዳ ለሜዳ ሲመላለስ ያደገ ልጅ በመሆኑ፣ ትንሽ ነገር ሳትለወጥ የማታልፈው ዓይን ያገኘው ያን ጊዜ ነው ይባላል፤ እኛም ሐሰት አይመስለንም። እረኛ ሆኖ ያደገ ሰው ይኸንን ያውቀዋል።

በነገራችን ላይ፣ አባቱ የእንግሊዙን ቸርችልን በልጅነቱ ከመስጠም አድኖት፣ የቸርችል አባት በውለታው ፍሌሚንግን አስተማረው፣ ኋላም ፔኒሲሊኑ ቸርችልን ከሳንባ ምች አዳነው እየተባለ የሚወራ ወሬ አለ። ውብ ወሬ ነው፤ ግን ውሸት ነው። ቸርችል በ1943 በሳንባ ምች ሲታመም የታከመው በሌላ መድኃኒት፣ ሰልፋ በሚባለው ዘር ነው። ፍሌሚንግንም ያስተማረው ጌታ የለም። በአሥራ ሦስት ዓመቱ ገደማ ወደ ለንደን ሄዶ ሐኪም ወንድሙ ዘንድ ተጠጋ፤ ጥቂት ከተማረ በኋላም በአንድ የመርከብ ጭነት ቢሮ አራት ዓመት በጸሐፊነት ሠራ። ሥራውን አልወደደውም። ሃያ ዓመት ሲሞላው አንድ አጎቱ ሞቶ ጥቂት ገንዘብ ተናዘዘለትና፣ በዚያው ገንዘብ በ1901 የሕክምና ትምህርት ጀመረ።

የትኛው የሕክምና ትምህርት ቤት ልግባ ሲል የመረጠበት ምክንያት የሚያስቅ ነው። በለንደን ከነበሩት ትምህርት ቤቶች ቅዱስ ማርያም የተባለውን ሆስፒታል የመረጠው ከቡድኑ ጋር ውኃ ውስጥ ኳስ ተጫውቶ ስለሚያውቅ ነው። በ1906 ሲመረቅ ደግሞ ሆስፒታሉ ውስጥ የቀረው በሙያ ፍቅር ብቻ አይደለም። ፍሌሚንግ ጥሩ ተኳሽ ነበርና የተኩስ ክበቡ አለቃ እንዳያመልጠው ብሎ በሰር አልምሮት ራይት ላቦራቶሪ ቦታ ፈለገለት። እንግዲህ ከዚያ ላቦራቶሪ ገብቶ ዕድሜውን ሙሉ እዚያው ኖረ። አለቃው ራይት የክትባት ሰው ነበር። ተሕዋስያን በመድኃኒት ይሞታሉ የሚለውን ሐሳብ አጥብቆ አያምንም፤ የሰውን የራሱን የመከላከል ኃይል ማጠንከር ነው የሚሻለው ይል ነበር።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፍሌሚንግ ወደ ፈረንሳይ አገር፣ ቡሎኝ ወደምትባል የወደብ ከተማ ዘመተ። የሠራውም ቁማር ቤት የነበረ ሕንፃ ሆስፒታል ተደርጎ በነበረበት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልንል እንወዳለን፤ ምክንያቱም ሰውዬው በሐኪም ቤት ውስጥ የሚያዝ በሽታ ምን እንደሆነ የተማረው እዚያ ነው። ቁስለኞች በጥይት ብቻ አልነበረም የሚሞቱት፤ ቁስሉ እያመረቀዘ ደማቸው እየተመረዘ ነው። ሐኪሞቹ ጠንካራ የጀርም ማጥፊያ ኬሚካል ቁስሉ ውስጥ ያፈሱ ነበር። ፍሌሚንግ ቁስሉን እየመረመረ ያገኘው ነገር ግን ሌላ ሆነ፦ ኬሚካሉ ላይ ላዩን ያለውን ጀርም ይገድላል፤ በተቦጫጨቀው ሥጋ ስርጓጉጥ ውስጥ የተደበቀውን አያገኘውም፤ ይባስ ብሎ ጀርሙን የሚዋጉትን የሰውየውን ነጭ የደም ሴሎች ይፈጃል። ይኸንንም ለማሳየት ከብርጭቆ የቁስል አምሳያ ሠራ። ቱቦውን በእሳት እያቀለጠ እሾህ እሾህ የመሳሰሉ ስርጓጉጦች አወጣለት፤ በጀርም በከለው፤ በኬሚካል አጠበው፤ ሌላ ንጹሕ ፈሳሽ ሲሞላበት ጀርሙ ከስርጓጉጡ ወጥቶ እንደገና ተራባ። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሹሞቹ አልሰሙትም፤ ኬሚካሉን ማፍሰሳቸውን ቀጠሉ።

በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1915፣ ሣራ የተባለች አየርላንዳዊት ነርስ አገባ፤ በ1924ም ሮበርት የተባለ ወንድ ልጅ ወለዱ። በመካከሉ ከአፍንጫ ንፍጥና ከእንባ ውስጥ ጀርም የሚያሟሟ ነገር አግኝቶ ላይሶዛይም ተባለ። የላቦራቶሪ ባልደረቦቹን ሎሚ ዓይናቸው ላይ እያስጨመቀ እንባ ይለቅም ነበር አሉ።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1928 ክረምት ፍሌሚንግ ለዕረፍት ሲሄድ ስታፊሎኮከስ የሚባሉ መግል አምጪ ተሕዋስያን የዘራባቸውን ሳህኖች ጠረጴዛው ላይ ትቷቸው ሄደ። እንዲያው ጠረጴዛው ሥርዓት ያልነበረው ሰው ነው። በሴፕቴምበር 3 ሲመለስ አንደኛው ሳህን ሻጋታ አውጥቶ ቆየው። በሻጋታው ዙሪያ ያሉት ተሕዋስያን ጠፍተዋል፤ ርቀው ያሉት ደኅና ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ሻግቷል ብሎ ይደፋው ነበር። እሱ ግን ሻጋታውን አራባው፤ የሚያወጣውን ጭማቂ በልዩ ልዩ ጀርሞች ላይ ሞከረው። በመጀመሪያ የሻጋታ ጭማቂ ይለው ነበር፤ በማርች 1929 ፔኒሲሊን ብሎ ስም አወጣለት፤ በዚያው ዓመትም ጽሑፍ አወጣ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን አንድ ነገር አለ። ጭማቂው ሁሉን አይገድልም። በሰው አንጀት ውስጥ የሚኖረውን ኮላይ የተባለውን ተሕዋስ አልነካውም፤ የታይፎይዱንም ቤተ ዘመድ እንደዚያው። ፍሌሚንግ ይኸንን በራሱ ጽሑፍ ላይ አስፍሮታል። ኮላይ ማለት ዛሬ የሽንት ቧንቧ ሕመም ከሚያመጡት ሁሉ ዋነኛው ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ በተገኘበት ዕለት፣ ከሽንት ከረጢቱ ውስጥ የምናገኘው ጠላታችን ከውጭ ቆሞ ይስቅ ነበር ማለት ነው።

ፍሌሚንግ ጭማቂውን ለማጣራት ሁለት ወጣት ረዳቶች መድቦ ሞከረ፤ አልተሳካም። ቶሎ ይበላሻል፣ መጠኑም ኢምንት ነው። ስለዚህ ወደ ሌላ ሥራው ተመለሰ። አንዳንድ ጽሑፎች ይኸን ዘለው በ1928 አገኘ፣ ዓለም ዳነ ይላሉ። በበኩላችን ትክክል ነው አንልም። ፔኒሲሊንን መድኃኒት ያደረጉት በኦክስፎርድ የነበሩት አውስትራሊያዊው ሃዋርድ ፍሎሪ፣ ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ የመጣው ኧርነስት ቼይን፣ የዕቃ ብልሃተኛውም ኖርማን ሂትሊ ናቸው። በሜይ 1940 ስምንት አይጦችን በገዳይ ጀርም መርዘው ለአራቱ ብቻ ፔኒሲሊን ሰጡ፤ መድኃኒት ያላገኙት አራቱ በነጋታው ሞተው አደሩ። ጦርነት ስለነበረ ዕቃ የለም፤ ሂትሊ ሻጋታውን የሚያራባው በሆስፒታል ፖፖ ነበር። ኋላም የፖፖውን ቅርጽ አይቶ የሸክላ ዕቃ አሠራ።

በፌብሩዋሪ 1941 አንድ ፊቱ በመግል የተበላ ፖሊስ በዚሁ መድኃኒት ታከመ። በጥቂት ቀን ተሻለው፣ መብላት ጀመረ። መድኃኒቱ ግን አለቀ። ፔኒሲሊን በሽንት ወዲያው ስለሚወጣ፣ የፖሊሱን ሽንት እየሰበሰቡ ወደ ላቦራቶሪ ወስደው መድኃኒቱን ከሽንቱ አጣርተው መልሰው ይወጉት ነበር። እሱም አልበቃ ብሎ ሰውዬው በማርች ወር ሞተ። ከሰው ሽንት ተለቅሞ እንደ ወርቅ የተመዘነ መድኃኒት ነው ዛሬ እኛ ሁለት ፍሬ ውጠን የቀረውን ቁም ሣጥን የምንወረውረው።

ሌላም ነገር በዚያው ጊዜ ኦክስፎርድ ውስጥ ታየ። ቼይንና ኤድዋርድ አብርሃም የተባለ ባልደረባው በ1940 ኮላይን ሲመረምሩ፣ ፔኒሲሊንን ሰባብሮ ከንቱ የሚያደርግ ኢንዛይም በውስጡ አገኙ። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ እዚያ መድኃኒቱ በመርፌ የተሰጠው ሰው ገና አልነበረም። መሣሪያው ሳይወጣ ጋሻው አስቀድሞ ነበረ። ሻጋታና ባክቴሪያ በአፈር ውስጥ ሲዋጉ የኖሩ ናቸውና፣ የጥቃቱም የመከላከያውም ጥበብ ከሰው ልጅ በፊት ያለ ነው።

በ1942 ፍሌሚንግ በማጅራት ገትር ሊሞት የተቃረበ አንድ የወንድሙ ወዳጅ ነበረው። ከፍሎሪ ፔኒሲሊን ለምኖ በጀርባ አጥንቱ ውስጥ ወጋውና ዳነ። ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ አለቃው ራይትም ምስጋናው ለፍሌሚንግ ይገባል ብሎ ለጋዜጣው ጻፈ። ፍሎሪ ጋዜጠኛ የማይወድ ሰው ስለነበረ በሩን ዘጋባቸው፤ ፍሌሚንግ በሩን ከፈተ። ከዚያ በኋላ ዝናው ሁሉ ወደ አንድ ሰው ሄደ። በ1944 ሰር ተባለ፤ በ1945 የኖቤል ሽልማት ከፍሎሪና ከቼይን ጋር ተካፈለ። የሂትሊን ስም ያነሣ የለም። ይኸ በደል ነው እንላለን፤ ፍሌሚንግ ራሱ ግን ተፈጥሮ ሠራችው እንጂ እኔ አገኘሁት እንጂ አልፈጠርኩትም ማለቱን አልተወም።

በዲሴምበር 1945 ስቶክሆልም ቆሞ ንግግር ሲያደርግ፣ ሁሉም ምስጋና ሲጠብቅ እሱ በመጨረሻው ላይ ስጋት አነሣ። ተሕዋስያንን ለመግደል በማይበቃ መጠን ከመድኃኒቱ ጋር ብናለማምዳቸው እንደሚላመዱት በላቦራቶሪ አይቷል። ስለዚህ ምሳሌ ሰጠ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ያመዋል፤ ፔኒሲሊን ገዝቶ በገዛ እጁ ይወስዳል፤ ጀርሙን ለመግደል ሳይሆን ለማስተማር የሚበቃውን ያህል። ከዚያ ሚስቱ ላይ ያጋባባታል፤ እሷ ሳንባ ምች ይዟት ፔኒሲሊን ቢሰጣት አልሠራ ይላል፤ ትሞታለች። ለሞቷ ተጠያቂው ማነው ሲል ጠይቆ፣ ጥፋቱ የባልየው መሆኑን ራሱ መለሰ።

ምሳሌው በአንድ ነገር አልያዘም፤ የጉሮሮውን ስትሬፕቶኮከስ ፔኒሲሊን እስከ ዛሬም ይገድለዋል። ፍርዱ ግን ትክክል ነበር፤ እንዲያውም ነገሩ እሱ ከገመተው የከፋ ነው። ለጉሮሮ የዋጥነው ፍሬ ጉሮሮ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ወደ አንጀት ወርዶ እዚያ ያሉትን ብዙ ተሕዋስያን ይፈጃል። ኮላይ ውስጥ መድኃኒቱን የሚችሉት ጥቂቶቹ ይተርፋሉ፤ ቦታው ሲለቀቅላቸው ይራባሉ። ይህንን ችሎታቸውን የሚሸከሙት በቀለበት መሰል ቅንጣት ላይ ሲሆን፣ እሱንም ለጎረቤት ተሕዋስ፣ ከዘራቸው ላልሆነ እንኳ፣ ያውሱታል። ልክ እኛ ሠፈር ለሳል የተረፈ አሞክሳሲሊን ከቤት ቤት እንደሚዋዋሰው። ከወራት በኋላ ያ ሰው ዳሌው ቢሰበርና ቱቦ ቢገባለት፣ ወደ ፊኛው የሚወጣው ያው የሠለጠነው ኮላይ ነው።

ሐኪም ቤት ደግሞ የሠለጠኑት የሚገናኙበት ገበያ ነው። ፍሌሚንግ በሕይወት ሳለ፣ ሜሪ ባርበር የተባለች ሐኪም ለንደን ውስጥ ባንድ ሆስፒታል ስታፊሎኮከስን ስትከታተል፣ በ1948 ካገኘቻቸው ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት ፔኒሲሊን የማይገድላቸው ነበሩ። መድኃኒቱ በሰፊው ከወጣ አምስት ዓመት እንኳ ያልሞላው ነው። በ1961 ኮላይን ጭምር የሚገድል አምፒሲሊን ወጣ፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ አቴንስ ውስጥ ከአንዲት ሕመምተኛ የተገኘ ኮላይ እሱንም ሲሰባብር ተገኘ። ሌላ ተሠራ፤ በ1983 ጀርመን አገር ለእሱም መልስ ተገኘ። ለመጨረሻ ጊዜ የተቀመጠ የተባለውን መድኃኒት የሚሰብር አንድ ኢንዛይም ደግሞ በ2008 የታወቀው ሕንድ አገር ሐኪም ቤት ተኝቶ ወደ ስዊድን በተመለሰ ሰው ሽንት ውስጥ ነው። በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት ብቻ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው በዓለም ላይ መሞቱን ተመራማሪዎች ገምተዋል።

የቱቦው ነገር የቡሎኙን የብርጭቆ ቁስል ያስታውሰናል። ተሕዋስያን በቱቦው ግድግዳ ላይ፣ በቆየ የውኃ እንስራ ውስጥ እንደሚያሟልጨው ያለ ንጣፍ ሠርተው ይደበቁበታል፤ መድኃኒት ቢፈስም ከውስጥ አይደርስባቸውም። ለዚህ ነው ቱቦው ሳይወጣ ወይም ሳይለወጥ መድኃኒት ብቻ ሲቀያየር ብዙ ጊዜ የማይሆነው። በአሜሪካ እንደተጠናው በሆስፒታል ከሚያዙት የሽንት ቧንቧ ሕመሞች ከአራቱ ሦስቱ ከቱቦ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ቱቦው ባደረበት በእያንዳንዱ ቀንም ሕመሙ የመከተሉ ዕድል ከመቶ ከ3 እስከ 7 ይጨምራል። ስለዚህ ጠያቂ ሆነን ስንገባ ሐኪሙን ወይም ነርሷን በትሕትና፣ ቱቦው ዛሬም ያስፈልገዋል ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። በገዛ እጃችን ግን አንነቅልም። ሕመምተኛውን ስናገላብጥ ከረጢቱን አንሥተን አልጋው ላይ እናስቀምጣለን፤ ይኸ መቅረት አለበት፣ ሽንቱ ወደ ፊኛ ይመለሳልና። ከፊኛው ዝቅ ብሎ፣ መሬት ሳይነካ ይንጠልጠል። አንዱን ሕመምተኛ ነክተን ሌላውን ከመንካታችን በፊት እጃችንን እንታጠብ። ደግሞም መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ሽንቱ ካልቸር ለሚባለው ምርመራ ቢሰጥ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይታወቃል፤ ውጤቱ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል እንጂ በግምት ከመንከራተት ያድናል። ትኩሳትም ሕመምም የሌለው ባለቱቦ ሰው ሽንቱ ውስጥ ጀርም ስለታየ ብቻ ብዙውን ጊዜ መድኃኒት አይሰጠውም፤ ዘመድም ለምን አልታዘዘለትም ብሎ ባይጨቃጨቅ መልካም ነው።

ወደ ሰውዬው እንመለስ። ፍሌሚንግ ከኖቤል በኋላ ዓለምን ሲዞር፣ ሲሸለም፣ ሲጨበጨብለት ኖረ። አጭር፣ ዝምተኛ፣ ሲጋራ ከአፉ የማይለይ ሰው ነበር፤ ከጓደኞቹ ጋር ሲቀመጥ እንኳ ቃል ለማውጣት ይቸገራል። ሚስቱ ሣራ በ1949 ስትሞት ክፉኛ ተጎዳ። በ1953 ላቦራቶሪው ውስጥ አብራው የሠራችውን ግሪካዊቷን ሐኪም አማልያ ኩትሱሪ ቩሬካን አገባ። አብረው የኖሩት ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም። ማርች 11 ቀን 1955 ለንደን በሚገኘው ቤቱ በልብ ድካም በድንገት ሞተ፤ ዕድሜውም 73 ነበር። አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ የእንግሊዝ ታላላቅ ሰዎች በሚያርፉበት በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ከምድር ቤቱ ተቀበረ። በ1964 በማድሪድ የበሬ መታገያው ሜዳ ደጃፍ ሐውልት ቆመለት፤ አንድ የበሬ ታጋይ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ሲነሳው ያሳያል፤ በቀንድ የተወጉት ታጋዮች ይሞቱ የነበሩት ቁስሉ እያመረቀዘ ነበርና። ባለቤቱ አማልያ ወደ አገሯ ተመልሳ የወታደሮቹን መንግሥት በመቃወሟ ታሥራ በ1971 ከአገር ተባረረች፤ ኋላም ተመልሳ የፓርላማ አባል ሆነች፤ በ1986 አረፈች። ሻጋታውን ያየባት ትንሿ ክፍል በ1993 ሙዚየም ተደረገች።